ውሃው ዓርብ ነው

ውድ ሊሙንጋ፣

ይህ ደብዳቤ ከደረቀ ዓሣ ጋር ተጠቅልሎ ነው የሚደርስሽ፤ ቢሸትሽ እንዳትገረሚ። የባለቤትሽ የአጎት ልጅ ነገ ሰኞ ወደ ጋቦሮኔ ስለሚነሳ ዓሣውንም፣ አንድ ጠርሙስ ቀይ የዘንባባ ዘይትም፣ ይህን ወረቀትም አሸክሜዋለሁ። ዘይቱ መንገድ ላይ ከፈሰሰ ተጠያቂው እሱ ነው፤ እኔ ክዳኑን በጥርሴ ጭምር አጥብቄዋለሁ። በስልክ ላወራሽ እችል ነበር። ግን አንቺ በስልክ ሰው አታስጨርሺም፤ ገና "ኮምፒውተሩ..." ከማለቴ "ቆይ፣ እዚያ ጋ ግቢ፣ ያንን ተጫኚ" ትጀምሪያለሽ። ዛሬ ግን እስክጨርስ ዝም ብለሽ ትሰሚኛለሽ። የወረቀት ደግነቱ ይሄ ነው።

ናፍቀሽኛል። ይህን መጀመሪያ ልናገረው፣ ኋላ ሳቁ ሲመጣ እንዳልረሳው። ጤናዬን ከጠየቅሽ ደህና ነኝ፤ ሰፈሩም ደህና ነው። አቧራው እንደምታውቂው ነው፤ ተራራውን በዓይናችን ካየነው ሰንብቷል።

የተለያየን ቀን መኪና ተራው ላይ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? አቅፈሽኝ፣ አልቅሰሽ፣ እንባሽን በኔው ሻርፕ ጠርገሽ ስታበቂ፣ "እንጄማ፣ ለኮምፒውተር ጉዳይ ቶሎ አትደውዪልኝ። መጀመሪያ አንድ ቀን ሙሉ ታገዪው። ሲያቅትሽ ያኔ እኔ አለሁ" አልሽኝ። የሸኙሽ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በሆዴ ግን "ሲያቅትሽ" ያልሽው ቃል እንደ ዓሣ እሾህ ተሰነቀረብኝ። "ካቃተሽ" እንኳን አላልሽም እኮ! ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ፣ ለኮምፒውተር ብዬ ለሊሙንጋ ከደወልሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ማልሁ።

ለትንሽ ጊዜ መሐላዬ አልተፈተነም። ሁለታችን የጻፍነው ፕሮግራም በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ለሰፈሩ ስልክ ሁሉ "የላይኛው ሰፈር ቦኖ ውሃ ቅዳሜ ጠዋት ነው" እያለ መልእክቱን ይልካል፤ ሰውም በቀኑ ጀሪካኑን ይዞ ይወጣል። እኔ ምንም አልነካሁም። ካንቺ መሄድ ወዲህ አንዲት ፊደል እንኳ አልለወጥሁም። የሚሄድ ነገር ለምን ይነካል?

ሐሙስ ዕለት ግን ጉድ ፈላ።

የኢያ ኤዉኔን ነገር ታውቂያለሽ፤ የልጃቸው የናሞንዶ በር የሚንኳኳው፣ ለጋብቻ የምትጠየቀው፣ ቅዳሜ ነበር። የልጁ ቤተሰቦች ከኩምባ ተጭነው ሊመጡ፣ ግቢው በድንኳን ተሞልቶ፣ ጎደሬው በጆንያ ተከምሮ። ኢያ፣ እንደ መጠሪያቸው እናት ሆነው፣ አከራያችን መሆናቸውን ረስተው እኔንም እንደ ልጃቸው ሽንኩርት ሲያስልጡኝ ነው የሰነበቱት። የጎደለው አንድ ነገር ውሃ ብቻ ነበር። አራቱም በርሜሎች ባዶ፤ አንዱ ውስጥ ዶሮ ተኝታበት ነበር። "ቅዳሜ ማለዳ ቦኖው ይከፈታል፣ እንሞላለን፣ እንቀቅላለን" ብለው ሁሉን ነገር ለቅዳሜ ማለዳ አቆይተውታል።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የቦኖው ጠባቂ ፓ ኮምቤ ቁልፋቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ።

"ኤዉኔ፣ ቅዳሜ ቧንቧው ይጠገናል። ውሃው የሚመጣው ነገ ዓርብ ጠዋት ነው። ነገ ካልቀዳሽ እስከሚቀጥለው ሳምንት ጠብታ አታገኚም።"

ኢያ ከጎደሬያቸው ቀና ሳይሉ፣ "ስልኬ ቅዳሜ ነው የሚለው" አሉ።

"ሴትዮ! ቦኖውን የሚከፍተው ስልክሽ ነው ወይስ እኔ?"

"ባለፈው በጋ ማክሰኞ ነው ብለኸን በባዶ ጀሪካን ዳገቱን ያስወጣኸን አንተ አይደለህም?"

"እኔ አይደለሁም! በኔ ስም ያወሩት ናቸው!"

"ይኸው ነው። አፍ ነው። አፍ ያወራል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እንጄማ፣ አንቺና ሊሙንጋ አይደላችሁም እንዴ 'የሰው አፍ አትመኑ፣ ስልኩን እመኑ' እያላችሁ በየቤቱ የዞራችሁት?"

"ነን፣ ኢያ። ግን ዛሬ ፓ ኮምቤ ያሉት እውነት ነው። እኔም እነግርዎታለሁ፣ ውሃው ዓርብ ነው።"

"አንቺም አፍ ነሽ" አሉኝ። "ስልኩ ዓርብ ካለ ዓርብ እወጣለሁ። ቅዳሜ ካለ ዓርብን ተኝቼ ነው የማረፍደው።"

ሳቂ እንግዲህ! ባለፈው በጋ ስንት ሳምንት ጉሮሯችን እስኪነቃ የሰበክነውን ስብከት መልሰው ጋቱኝ። ሌሎች በሮችም አንኳኳሁ፤ መልሱ ያው ነው። አንዷማ ስልኳን አውጥታ መልእክቱን ዓይኔ ሥር ደቀነችብኝ፣ እኔው የጻፍሁትን! ሰው እንዲህ አምኖን ሳለ ፓ ኮምቤ መንገድ ዳር ቆመው ሲለፈልፉ ሳይ አንጀቴን በሉት። በዚያ ላይ የናሞንዶ ድግስ። ከኩምባ የመጣ አማች እጁን የሚታጠብበት ውሃ አጥቶ ሲመለስ ታየኝ።

መፍትሔው ግን ቀላል መሰለኝ። "ቅዳሜ" የሚለውን "ዓርብ" ማድረግ፣ ኮዳችን ኢንተርኔት ላይ ወደሚቀመጥበት የጋራ ጎተራ መላክ፣ አለቀ። ሊምቤ ያለው መልእክት ላኪ ኮምፒውተር ከጎተራው ብቻ እንጂ ከማንም እጅ እንዳይቀበል አድርገሽ ያሰርሽው አንቺ ነሽ፤ ደግሞም ደግ አደረግሽ። አሥራ ሁለት ሰዓት ገና ሩቅ ነው። ኮድ መጻፊያውን ከፈትሁ፣ ቃሏን ለወጥሁ፣ የመላኪያውን ቁልፍ ተጫንሁ።

"ጊትን ማግኘት አልቻልሁም" አለኝ።

ጊትን! አንቺ "ምስክራችን" የምትዪውን፣ ማን ምን እንደ ለወጠ መዝግቦ ሥራችንን ወደ ጎተራው የሚያደርስልንን ፕሮግራም፣ ጊትን! ሦስት ዓመት አብሮን የኖረውን! እንደገና ተጫንሁ። ያው። ሳልወድ ያንን ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈትሁና፣ አንቺ ጣትሽ እየበረረ ትጽፊበት እንደነበረው፣ የጊትን ስም ጻፍሁ። "እንዲህ የሚባል አላውቅም" አለኝ። እኔም የማይጻፍ ነገር መለስሁለት።

"ማንን ነው የምትሰድቢው?" አሉ ኢያ ከውጭ።

"ኮምፒውተሩን ነው!"

"በጠዋት ሰላም ብለሽው ነበር?"

የኮድ መጻፊያውን ማስተካከያ ገጾች አንድ በአንድ እየገለጥሁ ሄድሁ፤ አንቺ "ይህን አትንኪው" ያልሽኝን ሁሉ ነካሁት። በመጨረሻ "ጊት ያለበት ቦታ" የምትል አንዲት መስመር አገኘሁ። የተጻፈው አድራሻ የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ ዲስክ ሳይሆን ከጎን ከሚሰካ ዲስክ ነው፤ ቀጥሎ "ሊሙንጋ" የሚል ፎልደር አለ። የምን የሚሰካ ዲስክ? ብዬ የኮምፒውተሩን ጎን ዞሬ አየሁ። ባዶ ቀዳዳ። ያኔ ገባኝ።

ቀይ ክር ያለው ፍላሽሽ!

እኔ እኮ የዘፈን ነው ብዬ ነበር! ጠዋት ጠዋት ገብተሽ ትሰኪዋለሽ፣ ወዲያው ዘፈን ይከፈታል፤ ማታ ነቅለሽ ከቤትሽ ቁልፍ ጋር ታንጠለጥዪዋለሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጊት የኖረው እዚያ ውስጥ ነው ለካ! ኮምፒውተሩ ሞልቷል ብለሽ እዚያ አስገብተሽው፣ ረስተሽው፣ ይኸው በቁልፍሽ ማንጠልጠያ ይዘሽው ቦትስዋና ገባሽ። ኮምፒውተሩ የጊትን የቀድሞ ቤት በር እያንኳኳ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ግን አገር ለቃለች። ብቻዬን ወንበሩ ላይ ተንፈራፍሬ ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪመጣ። ኢያ በበሩ ብቅ ብለው አይተውኝ ወደ ጎደሬያቸው ተመለሱ።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ፍርሃቱ መጣ። ከኢንተርኔት ላወርደው ሞከርሁ፤ ኔትወርኩ የዚያን ዕለት ታሞ ነበር፣ ትንሽ ይወርድና መልሶ ይቋረጣል። ስልኬን አነሣሁ። ስምሽ ላይ ጣቴን አሳረፍሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መሐላው ሳይሆን እልሁ ነው የያዘኝ። "ሲያቅትሽ" ያልሽው። ስልኩን ፍራሽ ላይ ወረወርሁትና አሰብሁ፦ ሊሙንጋ አንድን ነገር አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጣ ታውቃለች? ጨው እንኳ ሁለት ቤት ታስቀምጣለች። ቅጂው የት ይሆናል?

መንታ መንገዱ ላይ፣ ሊዮንጋ ጋ!

እዚህ ቡዌያ ውስጥ ዘፈንም ፊልምም ስብከትም ፕሮግራምም ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው፤ እጆቹም ሁሉ ሊዮንጋ ኪዮስክ ይገናኛሉ። ሩጬ ደረስሁ። ሁለት ልጆች ሜሞሪያቸውን ሰጥተው ቆመዋል፣ እሱ እንደ ልማዱ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጠምጥሟል።

"እህቴ እንጄማ! ዘፈን ነው ፊልም?"

"ሁለቱም አይደለም። ሊሙንጋ አንተ ጋ ያስቀመጠችው ነገር አለ?"

"'የሊሙንጋ ዕቃ' የሚል ፎልደር አለ። ከፍቼ አየሁት፣ አይዘፍንም። ልሰርዘው ስል ግን እሷን ፈራኋት።"

"እግዚአብሔር ይስጥህ! ጊት የሚል አለበት?"

አንገቱን አስግጎ አየ። "አለ። ጊት ማነው? መዝሙር ነው?"

"ለዛሬ መዝሙር ነው፣ አዎ። ቶሎ በል ገልብጥልኝ!"

"ክፍያው?" አለና ፊቴን አይቶ ሳቀ። "ተይው፣ ተይው። አንድ ቃል ብቻ ንገሪኝ። ውሃው መቼ ነው?"

"ዓርብ!"

"ስልኬ ቅዳሜ ነው የሚለው" አለኝ። የገለበጠልኝን ፍላሽ ከእጁ መንጭቄ ሮጥሁ።

ቤት ደርሼ ጊትን ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ በገዛ ዲስኩ ላይ ገለበጥሁት፤ ከእንግዲህ ማንም በቁልፍ አንጠልጥሎ አይወስደውም። ቦታ አጣሁ ብዬ ሰባት የሠርግ ቪዲዮ ሰርዣለሁ፤ የማን እንደሆነ አልነግርሽም። ለኮድ መጻፊያው አዲሱን አድራሻ ጻፍሁለት። "ማግኘት አልቻልሁም።" ለካ የሰጠሁት ፎልደሩን ብቻ ነው። እኛ ጋ እንግዳ ሰው "ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ኢያ ኤዉኔን ብለህ ጠይቅ" ከተባለ ይበቃዋል፤ ሰፈር ገብቶ ሰው እየጠየቀ ይደርሳል። ይህ ግን ማንንም አይጠይቅም። ግቢው አይበቃውም፤ በሩን፣ የበሩን መያዣ ካላሳየሽው አይገባም። ውስጥ ገብቼ ፎልደር በፎልደር ሄጄ ራሱን ጊትን አገኘሁትና ሙሉ አድራሻውን አንድ ፊደል ሳላስቀር ጻፍሁ።

"ማግኘት አልቻልሁም።"

እዚህ ላይ አለቀስሁ። አዎ፣ አለቀስሁ። ጀንበሯ ማዘቅዘቅ ጀምራለች፣ ኢያ ውጭ ጎደሬ የሚጠቀለልበትን የሙዝ ቅጠል እያበሱ ይዘፍናሉ፣ ነገ ማለዳ ተኝተው ውሃው ሊያመልጣቸው ነው። በንዴት ኮድ መጻፊያውን ዘጋሁት። በጥበብ እንዳይመስልሽ፤ ፊቱን ላለማየት ነው። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ... በምን ውሃ? በጆግ ቂጥ በቀረች ውሃ ዓይኔን አብሼ እንደገና ከፈትሁት።

አገኘው!

የጊት ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ሁሉ ነገሩ ተደርድሮ መጣ። ለካስ ሲከፈት የያዘውን አድራሻ ነው እስኪዘጋ ድረስ ሙጭጭ የሚለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሦስተኛ ጨምሪበት። ጩኸቴ መቼም ጋቦሮኔ ካልተሰማሽ ነፋሱ ወዲያ ነበር። ኢያ ማማሰያቸውን እንደ ጦር ይዘው ዘለው ገቡ።

"እባብ ነው? የት አለ?"

"ተገኘ፣ ኢያ! ተገኘ!"

"ማን?"

"ጊት!"

ማማሰያውን ዝቅ አደረጉ። "ደግሞ እሱ ማነው? የማን ቤት ልጅ ነው? ሥራ አለው?"

ላክሁት። የታመመው ኔትወርክ አንዲት ቃል ለማሳለፍ አላቃተውም፤ ሄደ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግቢው መሃል ቆሜ ጠበቅሁ። መጀመሪያ የኢያ ስልክ ከጎደሬው ክምር ሥር ጮኸ። ቀጥሎ የጎረቤት። ቀጥሎ ከዳገቱ በላይ፣ ከዳገቱ በታች፣ ስልኩ ሁሉ እየተቀባበለ። ኢያ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ በሩ ላይ ወጥተው ሰፈሩን በሙሉ ጠሩ፦

"ውሃው ዓርብ ነው! ነገ ነው! ስሙ! ይሄ ፓ ኮምቤ ቀኑን ሙሉ አፉን ሲያላቅቅ ውሎ ይህንን ቁም ነገር አይናገርም?"

ፓ ኮምቤ መንገዱ ማዶ ተቀምጠው ነበር። ቁልፋቸውን ከአንገታቸው አውልቀው አዩትና መልሰው አጠለቁት።

ዓርብ ማለዳ ያለውን ደስታ በምን ልንገርሽ? ሰልፉ እስከ ሊዮንጋ ኪዮስክ ደርሶ ነበር፤ ሴቶቹ እየተራረቡና እየዘፈኑ ቀዱ። አራቱም በርሜሎች ጢም አሉ፤ ዶሮዋ ቤቷን አጣች። ቅዳሜ ቦኖው ጠብታ አልወጣውም፣ ግቢያችን ግን ጎደሬው በየድስቱ ይንተከተካል፣ የዘንባባው ሾርባ ይፈላል፣ ልጆች እግራቸውን ሳይቀር ይታጠባሉ። የኩምባ ሰዎች በሩን አንኳኩ። "ማናችሁ? ምን ጠፍቶባችሁ ነው?" ተባሉ። "አንዲት አበባ አይተን ነው" አሉ። እንደ ወጉ፣ እንግዶቹን ለማሳሳት፣ መጀመሪያ እኔን በጨርቅ ሸፍነው አወጡኝ። የልጁ አጎት ገለጥ አድርጎ "ይህቺስ አይደለችም፣ ይህቺ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች" ሲል ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ናሞንዶ ስትወጣ ኢያ አለቀሱ። አንቺን ብቻ ነው ያጣን።

ማታ ላይ ታዲያ ኢያ ተነሥተው እንግዶቹን ሁሉ ዝም አሰኙ። "ይህ ድግስ ያማረው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?" አሉ። "ሊሙንጋ የምትባል ልጅ አለችኝ። ቦትስዋና ናት። እዚያ ሆና ውሃችንን አስባ፣ ቀኑን አስተካክላ ላከችልን!" ስልካቸውን ከፍ አደረጉ። ግቢው በሙሉ አጨበጨበልሽ። እኔ ሰሃን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜአለሁ።

መልእክቱ ግርጌ ማን እንዳስተካከለው ስም ይወጣል አይደል፤ ሰው የሚራገመውን ይወቅ ብለን ያስገባናት። ገብቼ መዝገቡን አየሁት። የሐሙሱ ሥራ "ሊሙንጋ" ይላል፤ የገለበጥሁት ጊት ስምሽን ይዞ ነበር የመጣው። ወደ ኋላ ሄድሁ። ሦስት ዓመት፣ ያንቺ ሥራም፣ እኔ ብቻዬን አምጬ የወለድሁትም፣ ሁሉም "ሊሙንጋ፣ ሊሙንጋ፣ ሊሙንጋ"። በመዝገቡ መሠረት እኔ ይህንን ቤት አልሠራሁትም ማለት ነው። ከፋኝ፣ ሊሙንጋ። ባንቺ አይደለም፤ በፍላሽሽ ውስጥ የነበረ ጊት ስምሽን ቢጽፍ ምን ጥፋት አለብሽ? በራሴ ከፋኝ፤ ሦስት ዓመት ስሜን አንድ ጊዜ ፈልጌ አላውቅም። አዳሬ ከረፋብኝ። ጠዋት ግን ስነሣ ሳቄ መጣ፦ አንቺ ጋቦሮኔ እግርሽን ዘርግተሽ፣ ኩምባ ድረስ ተጨበጨበልሽ!

እና ዛሬ እሑድ ጠዋት ሁለት ነገር አደረግሁ። ጊት ውስጥ ስሜን አስገባሁ፤ አንዲት መስመር ናት። ከዚያ ቀኑን ወደ ቅዳሜ መልሼ፣ ከመልእክታችን መጀመሪያ "ቁልፉን የያዙት ፓ ኮምቤ እንደነገሩን" የሚል ጨምሬ ላክሁት። ከእንግዲህ እሳቸው ሲናገሩ ሰው ስልኩን አውጥቶ አይሞግታቸውም፤ ስልኩ ራሱ ይመሰክርላቸዋል።

አሁን ማታ ነው። ይህን እየጻፍሁልሽ ሳለ ስልኮቹ ጮኹ። ኢያ በሩ ላይ መጡ፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ወርዷል።

"እንጄማ" አሉኝ። "እዚህ ታች እንጄማ ይላል። አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ ኢያ።"

"የሐሙሱስ?"

"የሐሙሱም እኔ ነበርሁ።"

መጥተው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና እጄን ያዙኝ። "ታዲያ ያን ቀን ውሃው ዓርብ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬዎት ነበር፣ ኢያ" አልሁ። "በአፌ።"

እስከምትመጪ ድረስ ውሃው በኔ ነው። ለናፍቆት፣ ለሐሜት፣ ለባልሽ ክስ በፈለግሽው ሰዓት ደውዪልኝ፤ እኔም እደውላለሁ። ስትመጪ ግን ልትጠግኚ ሳይሆን እንግዳ ሆነሽ ነይ፣ እግርሽን የማጥብሽ እኔ ነኝ።

በሰላም ሰንብቺ፣ እኅቴ።

መዝገቡ ላይ ካንቺ ስም ቀጥሎ ያለችው፣
እንጄማ